መስታወቱ ይነሳ፣ መነጽሩ ይቆይ፦ ደሴ ውስጥ የታደሰ የአንድ አሮጌ ፎቶግራፍ የጉዳይ ጥናት

በሐምሌ አጋማሽ፣ የጦሳ ተራራ ጉም እስከ አስፋልቱ በወረደበት አንድ ጠዋት፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ አንዲት እናት ከወንድማቸው ልጅ ጋር ሆነው ደሴ ወደሚገኘው ፎቶ ቤታችን ገቡ። የመጡት ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ከሐይቅ ከተማ ሲሆን፣ በነጠላ ጠቅልለው የያዙት የአባታቸውን ፎቶግራፍ ከነፍሬሙ ነበር። ሪያድ የሚሠራው ልጃቸው የአያቱን ምስል በትልቁ አሳጥቦ ሊሰቅል ስለፈለገ፣ ‹‹ልጄ፣ መስታወቱን አንሳልኝና አባቴን ጥርት አድርገህ አውጣልኝ›› አሉኝ። ቀላል ሥራ መስሎኝ ‹‹እሺ እማማ፣ ከሰዓት ይደርሳል›› አልኩ። ሥራው ግን አምስት ቀን ወሰደ፤ ይህን የምጽፈውም በእነዚያ አምስት ቀናት ውስጥ የት እንደተሳሳትኩና ስህተቱ በምን እንደታረመ ለሙያ ባልደረቦቼ በዝርዝር ለማስረዳት ነው።

ፎቶግራፉ የፖስት ካርድ ያህል ስፋት ያለው ጥቁርና ነጭ ሲሆን፣ ቤተሰቡ እንደሚለው ከአብዮቱ በፊት እዚሁ ደሴ የተነሱት ነው። ሰውዬው ጥቁር ኮት ለብሰው በላዩ ኩታ ደርበዋል፤ የኩታው ጥለት ያኔ እንደተለመደው በእጅ ቀለም ተቀብቷል። ዓይናቸው ላይ ክብ መነጽር፣ በግራ ጉንጫቸው ላይ ደግሞ አንድ ጣት የሚያህል ጠባሳ አለ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ደረታቸውን አቋርጦ የሚያልፍ፣ በአንድ ወቅት የተቀደደውን ወረቀት ለመያዝ የተለጠፈና ከዕድሜ ብዛት እንደ ዘይት ቢጫ የሆነ ስኮች ይታያል። ይህን ልብ ይሏል፤ በአንዲት ትንሽ ወረቀት ላይ ሦስት ብርሃን አሳላፊ ነገሮች ተደራርበዋል፦ የፍሬሙ መስታወት፣ ስኮቹና መነጽሩ። ሁለቱ መነሳት አለባቸው፤ ሦስተኛው የሰውዬው ነው።

ፍሬሙን ከኋላ ስከፍት ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። የዚያ ዘመን የፎቶ ወረቀት የብር ቅንጣቶቹን የሚይዘው ጄላቲን በተባለ ሙጫ መሰል ሽፋን ነው፤ ጄላቲን እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልሳል፣ ከመስታወት ጋር ፊት ለፊት ከተጋጠመ ይለጠፋል፣ በጋው ሲመጣ ደግሞ እንደተለጠፈ ይደርቃል። ከሐይቁ ዳር ባለ ቤት፣ በጭቃ ግድግዳ ላይ ያን ሁሉ ክረምት ያሳለፈ ፎቶ ይህ ቢደርስበት አያስደንቅም። በጉልበት ቢላቀቅ ፊታቸው መስታወቱ ላይ ይቀራል። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማላቀቅ አንዳንዴ የሚሠራ ዘዴ ቢሆንም፣ በእጅ የተቀባ ቀለምና የተለጠፈ ስኮች ያለበትን ብቸኛ ቅጂ ውኃ ውስጥ የሚከት ደፋር እኔ አይደለሁም። ስለዚህ በመስታወቱ ውስጥ እንዳለ ፎቶ ማንሳት፣ መስታወቱን ደግሞ በኮምፒውተር ማስወገድ ግድ ሆነ።

ስህተቱን የሠራሁት እዚህ ላይ ነው። ያን ዕለት ጉርድ ፎቶ የሚነሱ ተማሪዎች ተሰልፈው ስለነበር ፍሬሙን ባንኮኒው ላይ አጋድሜ በስልኬ አነሳሁት። በምስሉ ላይ የሱቁ በር፣ የእኔ ሁለት እጆችና በዚያች ቅጽበት ያለፈ ሰማያዊ ባጃጅ አብረው ወጥተዋል። ስልኬ ላይ ያለውን አላስፈላጊ ነገር ማጥፊያ መተግበሪያ ከፍቼ ነጸብራቁን በጣቴ ከበብኩና አዘዝኩት፤ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ በሩም ባጃጁም ጠፉ፤ ፊቱ የጠራ፣ ቆዳው የለሰለሰ ምስል ወጣ። እውነቱን ለመናገር አምሮኝ ነበር። አሳጥቤ ለእናትዬዋ ስሰጣቸው ወደ ብርሃን ጠጋ አድርገው ጥቂት አዩትና ‹‹ወላሂ፣ ይሄ አባቴ አይደለም›› አሉ። ቀጥለውም ‹‹መነጽራቸውን የት አደረስከው? አባቴ ያለ መነጽር ኪታብ አይቀሩም ነበር። ጠባሳውንስ? በሬ የወጋቸው ምልክት ነው እኮ፤ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው በሱ ነው›› አሉኝ። ዋናውን ቅጂ አጠገቡ አድርጌ ሳስተያየው የመነጽሩ የግራ ክፈፍ ከነመስታወቱ የለም፤ በምትኩ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ዓይንና ቅንድብ ተተክቷል፤ ጉንጩም እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሷል።

መተግበሪያው አልተበላሸም፤ የተፈጠረበትን ሥራ ሠርቷል። ይህን መሰል መሣሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ፎቶሾፕ በተባለው የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ በገባው ራስ ገዝ መሙያም ሆነ በቅርብ ዓመታት በመጡት ምስል አመንጪዎች፣ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ የተከበበውን ቦታ ባዶ አድርጎ ይቆጥርና ከአካባቢው ወይም ከተማራቸው ምስሎች በመነሳት ሊመስል የሚችለውን ይሞላል። የመብራት ሽቦ ወይም በሠርግ ፎቶ ጀርባ የገባ አላፊ አግዳሚ ለማጥፋት ይህ ተገቢ ነው፤ ሽቦው የጋረደውን ሰማይ ካሜራው ጭራሽ አላየውምና ገምቶ ከመሙላት በቀር ምርጫ የለም። ብርሃን አሳላፊ ነገር ግን አይጋርድም። ከሥሩ ያለው ፊት ደብዝዞም ቢሆን እዚያው አለ፤ መሣሪያው ያንን የተረፈውን እውነተኛ መረጃ ከነጸብራቁ ጋር ጠርጎ ጥሎ በራሱ ግምት ይተካዋል። በዚህ ላይ የትኛው መስታወት የፍሬሙ፣ የትኛው የሰውዬው እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ የማጥፋት ሳይሆን የሒሳብ ሥራ ነው፤ አሳላፊው ነገር ምን ያህል ብርሃን እንደጨመረ ወይም እንደወሰደ ተለክቶ የጨመረው ይቀነሳል፣ የወሰደው ይመለሳል።

የፍሬም መስታወት ጨማሪ ነው። ፊት ለፊት ለመጣ ብርሃን አንዱ ገጹ 4 በመቶ ገደማ፣ ሁለቱ ገጾች አንድ ላይ 8 በመቶ ገደማ መልሰው ያንጸባርቃሉ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የፎቶው ጥቁር ኮት ራሱ ከሚመታው ብርሃን የሚመልሰው ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ስለሆነ፣ የደማቅ በር 8 በመቶ ኮቱ ላይ ሲያርፍ ኮቱን ይውጠዋል። በነጩ ኩታ ላይ ያው ነጸብራቅ እምብዛም አይታይም። ስኮቹ በአንጻሩ ወሳጅ ነው፤ ቢጫ ስለሆነ ቀዩን ብርሃን አሳልፎ ሰማያዊውን ያስቀራል። የሁለቱ መድኃኒት የተለያየ ነው፤ አንዱ መቀነስ፣ ሌላው ማካፈል ይፈልጋል።

በማግስቱ ሥራው ከካሜራው ተጀመረ። ስካነር ለምን አልተጠቀምክም የሚል ይኖራል፤ ሞክሬያለሁ። የስካነሩ መብራት ከጎን ስለሚመታ ነጸብራቅ አያሳይም፤ ነገር ግን የእኛው ቀጭኑና ርካሹ ዓይነት በመሆኑ ከገበታው ጋር ያልተጣበቀ ነገር ጥርት አድርጎ አያይም፤ የፍሬሙ መስታወት ውፍረት ብቻ ፊቱን ለማደብዘዝ በቂ ሆነ። ከዚያም አልፎ መስታወት በመስታወት ላይ ሲያርፍ ዘይት የፈሰሰበት ውኃ የሚመስሉ የቀለም ክበቦች ያወጣል። ስለዚህ የመስታወቱን የውጭ ገጽ ለዓመታት ከሸፈነው የምድጃና የዕጣን ጭስ በእርጥብ ጨርቅ አጸዳሁ፤ ውኃው ጨርቁ ላይ እንጂ መስታወቱ ላይ እንዳይረጭ ተጠንቅቄያለሁ፤ በጠርዙ ከገባ የቀረውንም ይለጥፈዋል። የኋለኛውን ክፍል መስኮት ጋርደን፣ ካሜራውን በትራይፖድ ላይ ፍሬሙን ቀጥ ብሎ እንዲያይ አቁመን፣ ከካሜራው ፊት ሌንሱ ብቻ የሚወጣበት ቀዳዳ ያለው ጥቁር ጨርቅ ወጠርን። መስታወቱ ካሜራውን መልሶ እንዳያሳይ የሚያደርገው ይህ ጨርቅ ነው። ብዙዎቻችን ሌንስ ላይ የሚታሰረው ፖላራይዘር የተባለ የብርሃን ማጣሪያ ነጸብራቅን ሁሉ ያጠፋል ብለን እናምናለን፤ እሱ ግን በመስታወት ላይ ኃይሉን የሚያሳየው ከጎን፣ ወደ 56 ዲግሪ ገደማ በሆነ ማዕዘን ሲታይ ነው፤ ፊት ለፊት ለሚነሳ ፎቶ፣ መብራቱም የራሱ ፖላራይዘር ከሌለው፣ የአንድ ሜትር ጥቁር አቡጀዲ ይበልጠዋል።

ረዳቴ አንድ መብራት ይዞ በፍሬሙ ዙሪያ ዘጠኝ ቦታ ላይ እየቆመ ዘጠኝ ምስሎች ካሜራው ሳያቀናብር እንዳለ በሚያስቀምጠው ሮው ፋይል፣ በዝቅተኛ የብርሃን ትብነት (አይኤስኦ 100) ተነሱ። መጋለጡን፣ ማለትም ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን፣ ሆን ብዬ ዝቅ አደረግኩ፤ ድምቀት ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) በሚቆጠርበት መለኪያ 255 ላይ የደረሰ ቦታ ሞልቶ የፈሰሰ ዕቃ ማለት ነው፤ ምን ያህል እንደተጨመረበት አይታወቅምና ምንም አይቀነስለትም። ስድስተኛው ላይ መብራት ጠፋ፤ ረዳቴ በጨለማው ትራይፖዱን ነካውና ከአንድ ጀመርን። በየመብራቱ ቦታ ደግሞ መስታወቱ ላይ ነጭ ወረቀት ሸፍነን አንድ ተጨማሪ ምስል አነሳን። ይህ የብዙ ሰው ትዕግሥት የሚያልቅበት ነገር ቢሆንም የሥራው ግማሽ እዚህ ላይ ነው፤ መብራቱ ከግራ ሲሆን ግራው ይደምቃል፣ ከቀኝ ሲሆን ቀኙ፤ እያንዳንዱ ምስል ለራሱ የነጭ ወረቀት ምስል በኮምፒውተር ሲካፈል ግን ይህ መዛባት ይጠፋና ዘጠኙም አንድ ዓይነት ይሆናሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው በፎቶሾፕ ነው። ዘጠኙን በዘጠኝ ሌየር (ንጣፍ) ደራርቤ እርስ በርስ እንዲገጥሙ አደረግኩ። ነጸብራቅ ብርሃን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ስለዚህ በአንድ ነጥብ ላይ ከዘጠኙ ውስጥ ጥቁሩ ለእውነቱ ይቀርባል በሚል መጀመሪያ ጥቁሩን የሚመርጠውን ዳርከን የተባለ ሁነታ ሞከርኩ። ነጸብራቁ ጠፋ፤ ነገር ግን በየምስሉ ያለው የነጠብጣብ ጉርብጥብጥም (ኖይዝ) ጥቁር ጥቁሩ ተለቅሞ ፊታቸው ላይ በርበሬ የተነሰነሰ መሰለ። ቀጥዬ መሃከለኛውን ዋጋ የሚወስደውን ሚዲያን ተጠቀምኩ። መብራቱ በየቦታው ስለተዘዋወረ በአንድ ነጥብ ላይ ነጸብራቅ የሚያርፈው ከዘጠኙ በአንዱ ወይም በሁለቱ ብቻ ነው፤ መሃከለኛው ሁለቱንም ይተዋቸዋል። መነጽሩ ከነክፈፉ፣ ጠባሳው ከነጥላው ተመልሰው መጡ። አንድም ፒክስል አልተፈጠረም፤ ሁሉም ከካሜራው የመጣ ነው።

ይሁንና አሁን ሌላ ነገር ጎልቶ ወጣ። ፎቶው መስታወቱ ላይ የተለጠፈበት ቦታ ጥቁርና ጥርት ያለ፣ ያልተለጠፈበት ደግሞ ስስ ነጭ መጋረጃ የለበሰ ሆኖ፣ በመካከላቸው እንደ ሐይቁ ዳርቻ የተጠማዘዘ ድንበር ይታያል። በተለጠፈው ቦታ በወረቀቱና በመስታወቱ መካከል አየር የለም፤ አየር ከሌለ የመስታወቱ የውስጥ ገጽ አያንጸባርቅም። ድንበሩ ኮቱን ስለሚቆርጥ ለመለካት አመቸኝ፤ ያው ኮት በተለጠፈው በኩል 22፣ ባልተለጠፈው በኩል 41 አነበበ። በኩታው ላይ ግን ንባቡ 214 እና 216 ነበር። የመጀመሪያ ሐሳቤ ካልተለጠፈው በኩል በሙሉ 19 መቀነስ ነበር፤ እንደዚያ ባደርግ ኩታው አመድ ይለብስ ነበር። የተጨመረው የብርሃን መጠን በሁለቱም ቦታ እኩል ነው፤ ነገር ግን በተለመደው የምስል ፋይል ውስጥ ያሉት ቁጥሮች የብርሃኑ ቀጥተኛ መጠን ሳይሆኑ ለዓይን እንዲመቹ ጥቁሩ በኩል የተለጠጡ ናቸው፤ አንድ ዓይነት ጭማሪ ጥቁሩ ላይ 19፣ ነጩ ላይ 2 ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ቅነሳው መሠራት ያለበት ቁጥሮቹ ወደ ቀጥተኛ የብርሃን መጠን፣ ባለሙያዎች ሊኒየር ወደሚሉት፣ ከተለወጡ በኋላ ነው። ለዚህ ክፍያ የማይጠይቀውን ጊምፕ የተባለ የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም ተጠቀምኩ፤ እ.ኤ.አ. ከ2018ቱ 2.10 ዕትሙ ጀምሮ በዚህ መልኩ መሥራት ይችላል። በድንበሩ ላይ ማስክ (ለውጡ የሚያርፍበትን ቦታ የሚለይ ከለላ) ሠርቼ፣ ጠርዙን በጥቂቱ አለስልሼ፣ መጋረጃውን በአንድ ቋሚ መጠን ቀነስኩት። ድንበሩ ጠፋ ማለት ይቻላል፤ በአንገታቸው አካባቢ የቀረውን ቀጭን መስመር በእጅ አስተካክያለሁ።

ስኮቹ ከዚህ ሁሉ ቀለለኝ። ፎቶው ንጹሕ ጥቁርና ነጭ ቢሆን ኖሮ ምስሉ ከተሠራባቸው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቻናሎች (የቀለም ክፍሎች) ቀዩን ብቻ መውሰድ ይበቃ ነበር፤ ቢጫ ስኮች በቀይ ብርሃን ሲታይ የለም ሊባል ምንም አይቀረውም። ነገር ግን ስኮቹ በእጅ የተቀባውን ጥለት ያቋርጣል፤ ቀለሙን ልጣለው አልፈለግኩም። ስኮቹ ከሰውዬው ጀርባ ባለው ግራጫ የጨርቅ መጋረጃ ላይ የሚያልፍበትን ቦታ መርጬ ከጠርዙ ውጭና ውስጥ ለካሁ፤ ውጭው በቀይ 180፣ በአረንጓዴ 178፣ በሰማያዊ 172 ሲሆን፣ ውስጡ 168፣ 146 እና 95 ነበር። ውስጡ ለውጭው ሲካፈል ስኮቹ ከቀዩ 93 በመቶ፣ ከአረንጓዴው 82 በመቶ፣ ከሰማያዊው 55 በመቶ ያሳልፋል ማለት ነው። እነዚህን በ255 አባዝቼ ባገኘሁት 238፣ 209፣ 141 ቀለም አንድ ሌየር ሞልቼ፣ በስኮቹ ቅርጽ ከልዬ፣ ሁነታውን ዲቫይድ (ማካፈል) ሳደርገው ጥለቱ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ማካፈል፣ እንደ መቀነስ ሳይሆን፣ በተለመደው ፋይል ላይም ለትክክል በቀረበ መልኩ ይሠራል፤ ብርሃኑን በተወሰነ እጅ የሚያሳንስ ነገር ቁጥሮቹንም በየቦታው በተቀራረበ እጅ ያሳንሳልና። የስኮቹ ጠርዝ ላይ የተከማቸው ጥቁር እድፍና የቅዳዱ መስመር ግን አሳላፊ አይደሉም፤ እነሱን እንደማንኛውም ሰው ከአካባቢው ወስዶ በሚሞላው ሂሊንግ ብራሽ ሸፈንኩ። ኮትና መጋረጃ ላይ ገምቶ መሙላት አያስነውርም።

የቀረው መነጽሩ ነው። በቀኝ ሌንሱ ላይ ያኔ ያነሳቸው ፎቶ አንሺ መብራት አራት ማዕዘን ሆኖ በርቷል፤ ዓይናቸውን በከፊል ሸፍኖታል። ይህ ነጸብራቅ ከፍሬሙ መስታወት ሳይሆን ከወረቀቱ ውስጥ ነው፤ የብር ቅንጣት ያልያዘ ባዶ ነጭ ስለሆነ ከሥሩ የሚቀነስ ነገር የለም። በሙያችን የተለመደው የግራውን ዓይን ገልብጦ መለጠፍ ነው፤ እኔም በጉርድ ፎቶ ላይ ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ግን እጄ አልታዘዘኝምና ለእናትዬዋ ስልክ ደውዬ ጠየቅኩ። ‹‹እሱ ሁልጊዜም እንዳለ ነው፤ ልጅ ሆነን አባባ ዓይናቸው ውስጥ መስኮት አለ እንል ነበር፤ እንዳትነካው›› አሉኝ። ተውኩት።

እዚህ ላይ ተመሳሳይ ስለሚመስል አንድ ጥያቄ በአጭሩ ልናገር። ሌላ ፎቶ ቤት ስሙን በስሱ የጻፈበትን የሠርግ ናሙና ይዘው መጥተው ጽሑፉን እንዳነሳላቸው የሚጠይቁኝ ደንበኞች አሉ። ሒሳቡ ከስኮቹ ብዙም አይርቅም፤ የጽሑፉ ድምቀትና ስስነቱ ከታወቀ ከሥሩ ያለው ምስል ይወጣል። አልሠራውም፤ ጽሑፉ የተቀመጠው ሂሳብ ያልተከፈለበት ሥራ ስለሆነ ነው፤ ወደ አንሺው ሄደው ከፍለው ዋናውን እንዲቀበሉ እነግራቸዋለሁ።

በአምስተኛው ቀን እናትዬዋ ሲመጡ ሁለት ህትመት ጠበቃቸው፤ አንዱ ለሪያድ፣ ሌላው ለቤታቸው። ፋይሉንም ለልጃቸው በቴሌግራም ላክሁ፤ ጥራቱ እንዳይወርድ በፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ ነው የላክሁት። ህትመቱን እንደ መጀመሪያው ቀን ወደ በሩ ብርሃን ይዘው ወጡና በጣታቸው ጠባሳውን፣ ከዚያም መነጽሩን ነኩ። ‹‹አሁን መጡ›› አሉ። ዋናውን ፎቶ እንደተለጠፈ ከነመስታወቱ መለስኩላቸው፤ ከዚህ በኋላ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ደረቅ ሣጥን ውስጥ እንዲያስቀምጡት ነግሬያቸዋለሁ። ለአዲሱ ህትመት ፍሬም ስገጥም በአራቱም ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የካርቶን ቁራጭ ከመስታወቱ ሥር አስገባሁ። የወንድማቸው ልጅ ለምን እንደሆነ ጠየቀኝና፣ ወረቀቱና መስታወቱ እንዳይነካኩ መሆኑን በጥፍሬ ክፍተቱን እያሳየሁ ነገርኩት።